አጥሩ ላይ የተሰጣው ባና

ለአባዬ፣

ከተለየኸን አርባህ ወጥቶ ሰማንያህ እየመጣ ነው። በአርባህ ቀን ቄሱ ስምህን ሲጠሩ ሴቶቹ ሁሉ አለቀሱ። እኔ ከሰው ጀርባ ቆሜ የነጠላዬን ጥለት እዳብስ ነበር። አንዷ ጎረቤታችን «ይቺ ልጅ ልቧ ድንጋይ ነው» ስትል ሰማኋት። ሰው ባለበት ማልቀስ እንደማልችል ከአንተ በቀር ማን ያውቃል?

ፊደሉን ትልልቅ አድርጌ ነው የምጽፍልህ። መሠረተ ትምህርት ገብተህ ማንበብ የለመድክ ሰሞን ጣትህን ከመስመሩ ሥር እያስኬድክ፣ ከንፈርህን እያንቀሳቀስክ ስታነብ፣ ጽሑፉ ደቃቅ ከሆነ «ይሄን ጉንዳን ደግሞ ማን ለቀቀብኝ?» ትል ነበር። እኔ ጉንዳን አልለቅብህም። እንደ ልማድህ ቀስ ብለህ አንብበው።

ቤት ያው ነው። ዱላህ ከበሩ ጀርባ እንደቆመ አለ። ካፖርትህን እማዬ ለማንም አልሰጥም ብላ ሌሊት ሌሊት እሷው ትለብሰዋለች፤ እጅጌው ረዝሞባት ጣቶቿን ይሸፍንላታል። ቁርጥማቱ ብሶባታል። የበግ ጸጉር ስትፈትል እንዝርቱ ከእጇ ያመልጥና እየተንከባለለ አልጋ ሥር ይገባል፤ እኔ ተንበርክኬ አወጣላታለሁ። ውርጩ ዘንድሮ ጠንክሯል። ጠዋት ባልዲው ላይ እንደ መስታወት ያለ በረዶ ይጋገራል። እኔ ደግሞ ትምህርቴን ትቻለሁ። ብትቆጣኝ ደስ ባለኝ።

አንተ ስትታመም ግቢያቸውን የምትጠብቅላቸው ፈረንጆች አልነበሩም። ያንን ቤት ያለው መኪናቸውን ይዘው፣ ውሃ ሊቆፍሩ ወደ አረርቲ ወርደው ነበር። ግቢው ውስጥ ጎማ ያለው ነገር ጋሪ እንኳ አልቀረም። ደረትህን ይዘህ «ብርድ ነው፣ ይለቀኛል» አልክ። ፌጦ አሸንልህ፣ ጤና አዳም አፈላንልህ። በሰው ትከሻ ጤና ጣቢያ ስትደርስ ሐኪሙ «ምነው ቀደም ብላችሁ ብታመጡት?» ብሎ ጠየቀ። እማዬ አንተን ደግፋ ስለነበር የጠየቀው እኔን ነው።  

ፈረንጆቹ የተመለሱት አርባህ ከወጣ በኋላ ነው። ሚስተር ባርኔጣውን አውልቆ በራችን ላይ ቆመ። መዳም እማዬን አቅፋ አለቀሰች፤ እማዬም ደንግጣ እሷን ታባብል ጀመር። ከዚያ ሾፌሩ ጋሽ ተሾመ ወደ ጎን ጠራኝና «ጥሩዬ፣ ያባትሽን ሥራ ትይዣለሽ ወይስ ሰው ላምጣ?» አለኝ። እኔ ዱላውና ካፖርቱ መስሎኝ፣ ሴት ልጅ ዘበኛ ትሆናለች እንዴ ብዬ በልቤ ተገረምኩ። ፊቴን አይቶ ነው መሰለኝ ሳቀ። «ዘበኝነቱማ ለስሙ ነው። ዋናው ሥራ እዚህ ታች ነው» አለና መኪናው ሆድ አጠገብ ያለችውን ትንሽ በር በጫማው ጫፍ ነካ አደረጋት።

አባዬ፣ እኔ እኮ የማውቀው መኪናው ውስጥ አልጋና ምድጃ እንዳለ ብቻ ነበር። ሽንት ቤትም አለው ለካ። እዚያ የሚወርደው ሁሉ ከሥር ባለ ታንከር ይጠራቀማል፤ ሲሞላ መዝጊያው ተስቦ በወፍራም የጎማ ቱቦ ወደ ጉድጓድ ይፈሳል፤ ከዚያ ታንከሩ በውሃ ታጥቦ ሰማያዊ መድኃኒት ይጨመርበታል። ጋሽ ተሾመ ይህን ሁሉ እንደ ቀልድ ነው የነገረኝ። «ፈረንጅ እንዲህ ነው። እኛ ጥለነው የምንሄደውን እሱ ተሸክሞት ይዞራል» አለ። እኔ አልሳቅሁም። «ታዲያ እስከ ዛሬ ማን የሚደፋው መስሎሽ ነበር?» አለኝ።

ማን እንደሚደፋው አስቤ አላውቅም። አጥሩ ጥግ፣ በድንጋይ የተገነባ፣ በእንጨት የተከደነ ጉድጓድ እንዳለ አውቅ ነበር፤ አንተ እንደቆፈርከውም አውቃለሁ። የአመድ ጉድጓድ ነው ብለኸኝ ነበር።

ከዚያ ነው እነዚያ ጠዋቶች አንድ በአንድ ወደ ልቤ የመጡት። ፀሐይ ስትወጣ ቀስቅሰህ «ጥሩዬ፣ እስቲ ወፍጮ ቤት ሄደሽ ሰው ብዙ እንደሆነ አይተሽልኝ ነይ» ትለኝ ነበር። የሚፈጭ እህል ቤት ውስጥ ሳይኖር። እኔም ምንም ሳልጠይቅ እሄድ ነበር፤ ከሰው ጋር ሳልነጋገር አይቶ መመለስ ብቻ ስለሆነ የምወደው መልእክት ነበር። ይህንንም አውቀህ ነው። ስመለስ ታጥበህ፣ እጅህን የበግ ሞራ ተቀብተህ፣ ግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጠህ አገኝሃለሁ። እማዬ ሌሊት የምንለብሳቸውን፣ አጥሩ ላይ ያሰጣቻቸውን የበግ ጸጉር ባናዎች ታነሳለች። «ሰው ብዙ ነው?» ትለኛለህ። «ብዙ ነው» እልሃለሁ። «እንግዲያው ሌላ ቀን እንሄዳለን» ብለህ ጉንጬን ትዳብሰኛለህ። እጅህ በግ በግ ይሸት ነበር።

ትምህርት ቤት «ድዳዋ» እንደሚሉኝ አንድ ጊዜ ነግሬህ ነበር። ቀና ብለህ አላየኸኝም፤ መሬቱን በዱላህ ጫር ጫር አደረግህ። በዚህ ላይ የፈረንጅ እዳሪ ደፊ ልጅ ቢሉኝ እንደማልችለው አስበህ ነበር አይደል? ልክ ነበርክ፤ አልችለውም ነበር። ግን አባዬ፣ እንዳላይ ብለህ ስትሰውረኝ ሥራውንም ሰወርክብኝ። አንዲት ጊዜ እንኳ ቆሜ አይቼህ ቢሆን ኖሮ!

ጋሽ ተሾመ ፊት ለፊት ነው የነገረኝ። ፈረንጆቹ ሰኞ ጠዋት ወደ አንኮበር ይወጣሉ፤ ታንከሩ እስከዚያ ካልተደፋ እሱ ከተማ ውስጥ የሚያውቀውን ሰው ያመጣል። ሥራውን የያዘ ደግሞ ይህቺን የምንኖርባትን ክፍል ይይዛል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ያ ሰውም ልጆች አሉት። እማዬ ቀበሌ ሄዳ ነበር። «ተራ ጠብቂ» አሏት። እንዲህ እንደ ጩቤ በሚዋጋ ውርጭ፣ እነዚያን ጣቶች ይዛ፣ የት ሆና ነው ተራ የምትጠብቀው?

ሐሙስ ጠዋት ጓንትህን አጥልቄ መኪናው ሥር ገባሁ። ጓንቱ ሰፍቶኝ ጣቶቼ ውስጡ ይዋኙ ነበር። የመዝጊያውን እጀታ ሳብኩ፤ ንቅንቅ አላለም። በሁለት እጄ፣ እግሬን የመኪናው ጎማ ላይ ተክዬ ሳብኩ። እንቢ አለ። ውርጩ ይሆናል ብዬ ፀሐይ እስክትሞቅ ጠበቅሁ፤ ያው ነው። የፈላ ውሃ አፈሰስኩበት፤ ያው ነው። ጋሽ ተሾመ ራሱ ተኝቶ ሲስበው ብረቱ እንደ ሰው ጮኸና እጁን ቶሎ አነሳ። «ከተሰበረ መለዋወጫው ባሕር ማዶ ነው ያለው» አለ ላቡን እየጠረገ። «ያ አባትሽ እኮ በሁለት ጣቱ ነበር ስብ የሚያደርገው! ምን አስነክቶት ነው?» እኔን ነው የሚጠይቀው።

እማዬን ጠየቅኋት። «እኔ ምን አይቼ?» አለች። «አትዪኝ ይለኝ ነበር፤ ጀርባዬን ሰጥቼው እቆማለሁ። ልብሱን በእንዶድ ማጠብ ነው የኔ ሥራ።»

በዚህ መሐል የመኪናው ስለሞላ መዳም የግቢውን መጸዳጃ ልትሞክር ገባች። ስትወጣ ፊቷ እንደ ጋቢ ነጥቶ ነበር። እኔን መሬት ላይ ተጋድሜ ስታየኝ ቁጢጥ አለችና በቋንቋዋ አንድ ነገር ተናገረች፤ ብስኩትም ሰጠችኝ። ወተት ይኖረው ይሆናል ብዬ፣ ጾሙ ሲፈታ ለገና እንዲሆነኝ ኪሴ ውስጥ አስቀመጥኩት። ያለችው አልገባኝም፤ እንዳፈረች ግን ገብቶኛል። ሁለታችንም ዓይናችንን መኪናው ጎማ ላይ ጣልን።

ዓርብ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ልጠይቅህ ነበር የሄድኩት። አፈሩ ገና አልረጋም፤ ካኖርንበት ድንጋዮች አንዱ ተንሸራቷል፤ መለስኩልህ። ግን በዚያ ቦታ ስለ ሽንት ቤት መጠየቅ ነውር መሰለኝ። አንድ አዛውንት ካህን ከጎኔ ቆመው «የልብሽን ንገሪው ልጄ» አሉኝ። የልቤ ይሄ እንደሆነ እንዴት አድርጌ ልንገራቸው? እጅ ነስቼ ተመለስኩ። መንገዱ እንዲህ ረዝሞብኝ አያውቅም።

ተመልሼ እንደገና መኪናው ሥር ገባሁ። ልከፍተው አልነበረም፤ ሰው የማያየኝ ቦታ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። እዚያ ተኝቼ አለቀስኩ፤ ለአርባህ ያላለቀስኩትን ሁሉ። ጓንቱን አውልቄ፣ በባዶ እጄ እጀታውን እንደ ሰው እጅ ይዤ ነበር። በኋላ ፊቴን ስጠርግ መዳፌ አፍንጫዬን ነካው።

በግ በግ ይሸታል።

እንደገና አሸተትኩት። አንተ ነህ። ወፍጮ ቤት ደርሼ ስመለስ ጉንጬን የምትዳብስበት እጅህ ነው። መዝጊያው የሚንሸራተትበትን ቦይ በጥፍሬ ጫር ሳደርገው፣ ደርቆ ከአቧራ ጋር የተጋገረ ሞራ ወጣልኝ። እኔ ሞራውን ውርጭ ለሰነጠቀው እጅህ ነው የምትቀባው እል ነበር። እጅህንም ትቀባው ይሆናል። ግን ቀድሞ የሚቀባው ያ ብረት ነበር።

እየሮጥኩ ገብቼ ያቺን የሞራ ጣሳህን ፈለግኋት። የለችም። አንተ ሁልጊዜ ከቤት ውጭ፣ የግንቡ ስንጥቅ ውስጥ ነበር የምታስቀምጣት፤ ካረፍክ በኋላ ግን ዕቃህን ሁሉ ወደ ቤት ሰብስበን ነበር። በጾሙ ዋዜማ እማዬ ቅባት የነካውን ሁሉ በአመድና በፈላ ውሃ ስትፈትግ፣ በጾም ቤት ሞራ አይቀመጥም ብላ ያለውን ለውሻ ሰጥታ ጣሳዋን አጥባ ደፍታታለች። ስነግራት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «እኔው ነኛ! በገዛ እጄ!» አለች። «አላወቅሽም እማዬ» አልኳት።  ማንኛችንም ምን አውቀን።

በጾም በግ የሚያርድ የታለ? ሉካንዳዎቹ ተዘግተዋል። ጎረቤቶቹም እንደ እማዬ ፈትገው ጨርሰዋል፤ ቢኖራቸውስ፣ ሰው በር ቆሜ በጾም ሞራ ስጡኝ ስል ታየኝና ተውኩት።

ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ከአልዩ አምባ በርበሬና እርድ ጭነው ከሚወጡት መካከል እትዬ ዘሃራን ታውቃታለህ። ሸማዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ ከከረጢቶቿ መሐል ተቀምጣለች። ፊቷ ቆምኩ። ገዢ መጣ፣ ገዢ ሄደ። አፌ አልከፈት አለ፤ እሱም እንደ መዝጊያው። በመጨረሻ እሷው ቀና አለች። «አንቺ ልጅ፣ በርበሬዬን በዓይንሽ ጨረስሽው እኮ! ምን ልስጥሽ?»

«ሞራ» አልኳት። ድምፄን ራሴም አልሰማሁትም።

«ምን?»

«የበግ ሞራ። ለመብል አይደለም።»

ትክ ብላ አየችኝና ሳቀች። «ያ ረቢ! የፈረንጆቹ ዘበኛ ልጅ ነሽ አይደል? እናንተ በጾማችሁ ጊዜ ሁሉ እሱም ከኔ ነው የሚወስደው። ለእጄ ነው ይለኛል። አንተ ሰውዬ፣ ስንት እጅ ነው ያለህ እለዋለሁ። ዛሬ ምነው አንቺን ላከ?»

አባዬ፣ የነጠላዬን ጫፍ ሰብሰብ አደረግሁ። እሷ ጥቁር ቀሚሴን ያየችው ያን ጊዜ ነው። «ኢና ሊላሂ» አለች ቀስ ብላ። ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ከረጢቶቿን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ተነስታ ሄደች፤ ስትመለስ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ አንድ ጉማጅ ሞራ ይዛለች። ልከፍላት ስል እጄን መልሳ ጨበጠችው። «ጨዋታው ያምር ነበር» አለች። «ዝም ይልና ይልና አንዲት ነገር ጣል አድርጎ ይሄዳል።» ይህንን ጨዋታህን እኔ አላውቀውም። ገበያ ላይ ምን ትላት ነበር? አሁን ማንን እጠይቃለሁ?

ሞራውን ከቤት ውጭ በሦስት ድንጋይ አቅልጬ በዶሮ ላባ ቀባሁት። አንተ በምን እንደምትቀባው፣ ከላይ ይሁን ከጎን፣ አላወቅሁም። በየስንጥቁ አንጠባጠብኩበት። ሳብኩት። አልሄደም። ደግሜ ቀባሁ። አልሄደም። እሁድ እማዬ ብረት አትንኪ ብላ ከለከለችኝ፤ ሁለታችንም ቀኑን ሙሉ በበሩ በኩል ያንን መኪና ስናይ ዋልን። ጋሽ ተሾመ የሚያመጣው ሰው መጥቶ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየ። የእኛን ክፍል ግድግዳ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። እማዬ ሰላምታ ሰጠችው፤ እሱም አፍሮ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ሄደ።

ሰኞ ፀሐይ ስትወጣ ተነሳሁ። እማዬ ቀድማኝ ተነስታ ባናውን ከመደቡ ላይ ገፍፋ፣ በእነዚያ ጣቶች እየጎተተች ወጥታ፣ በመንገዱ በኩል ያለው አጥር ላይ ዘረጋችው። ሁለተኛውንም ደገመችው። «በዚህ ውርጭ ባና ይሰጣል እንዴ?» አልኳት።

«ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት ሰዓት ነው» አለች። ጀርባዋን ሰጥታኝም ቆመች።

ለካ ለዚያ ነበር። ያ ሁሉ ዘመን፣ የመንዝ ባና ማናፈስ ይወዳል ብዬ ነበር የማስበው። አንተ ከባናው ጀርባ ነበርክ፣ እሷ ባናው አጠገብ፣ እኔ ወፍጮ ቤት።

ሥሩ ገባሁ። ቱቦውን ወደ ጉድጓዱ አደረግሁ። እጀታውን ያዝኩ፤ በሁለት ጣት ሞከርኩት፤ እንዲያው አንተን ለመምሰል። ሞራው ሁለት ሌሊት ሰርጎበት ነው መሰለኝ፣ ትንሽ ሄደ። ከዚያ ቆመ። ሙሉ እጄን ጨምሬ ሳብኩት፤ ለስለስ ብሎ፣ ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላ፣ መጣ። ድምፁን አልነግርህም፣ ታውቀዋለህ። ሽታውንም ታውቀዋለህ። ዓይኔ አለቀሰ፣ ቱቦውን ግን አልለቀቅሁም። «አባዬ፣ ሄደ!» ብዬ ጮህኩ። ጮክ ብዬ የተናገርኩት መቼ እንደነበር አላስታውስም።

በዚያው ቅጽበት የልጆቹ ድምፅ ከባናው ወዲያ ማዶ መጣ። የክፍሌ ልጆች ናቸው፤ ሳቃቸውን ለይቼ አውቀዋለሁ። አንዷ «እፍ! ምን ሞቶ ነው?» አለች። ሌላው ሲስቅ ሰማሁ። ቱቦውን እንደያዝኩ ትንፋሼን ዋጥኩ። እማዬ የባናውን ጫፍ ወደ ታች ሳበችው፤ ዞር ግን አላለችም። አለፉ።

ታንከሩን በባልዲ እየሞላሁ አጠብኩት፤ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ። ሰማያዊውን መድኃኒት ጨመርኩ። ጉድጓዱን ከደንኩ፤ አመድ ነሰነስኩበት። ጋሽ ተሾመ ታች ጎንበስ ብሎ አየና «ያባቷ ልጅ» አለ። ሞተሩን አስነስቶ ወደ አንኮበር ወጡ። መዳም በመስኮቱ እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔ እጄ ሞራ ስለሆነ በክርኔ መለስኩላት።

ክፍሏ ለጊዜው የእኛ ናት። የውሃ ጉድጓዶቹን ቆፍረው ሲጨርሱ ፈረንጆቹ ይሄዳሉ ይባላል፤ ያን ጊዜ ምን እንደምንሆን አላውቅም። እማዬ ትጠይቀኛለች፤ እኔ አንተን እጠይቅሃለሁ። የምትመልስልኝ እየመሰለኝ ወደ በሩ አያለሁ፤ ዱላህ ብቻ ነው ያለው።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንዳትቀየመኝ። ያን ዕለት ታጥቤ ስወጣ እማዬን «ባናውን ከዛሬ ጀምሮ አታስጪው» ልላት ፈልጌ ነበር። አንተ የሠራኸው ሥራ ነው፤ ምኑ ይደበቃል ልላት። ግን ባናውን አብሬያት አጥፌ ገባሁ። በሚቀጥለው ሳምንትም ቃሉ አልወጣኝም። ባናው ዛሬም ይሰጣል፤ እኔም ከጀርባው ነኝ። አንድ ቀን የምወጣ ይመስለኛል፣ ግን ቃል ልገባልህ አልችልም። ቃል የምገባልህ የምችለውን ብቻ ነው፤ መዝጊያው እስካለ እቀባዋለሁ፤ በቀባሁት ቁጥር እጄን አሸተዋለሁ፤ ባሸተትኩት ቁጥር አንተ ጉንጬን ትዳብሰኛለህ። ይሄ ከእኔ አይጠፋም።

ደግሞም ሳልረሳው፤ ዛሬ ሥራዬን ጨርሼ ከታጠብኩ በኋላ ወፍጮ ቤት ሄጄ ነበር። ማንም አልላከኝም። በሩ ላይ ቆሜ አይቼ ተመለስኩ።

ሰው ብዙ ነው አባዬ። ሌላ ቀን እንሄዳለን።

ልጅህ ጥሩወርቅ